ሠርግ ያገደ መላጫ

እኔ ጋሼ የምላቸው የእናቴ ወንድም፣ ባለቤታቸው እትዬ ባረፉ ጊዜ ጢማቸውን አሳደጉ። በዚህ ማንም አልተገረመም። ሚስቱ የሞተችበት ወንድ ጢሙን ያሳድጋል፤ በአርባኛው ቀን ዘመድ ይሰበሰብና ፀጉር አስተካካይ ጠርቶ «በቃ እንግዲህ፣ እግዜር ያጽናህ» እያለ ያስላጨዋል። ወጉ ይኸው ነው። የእትዬ አርባ ደረሰ፣ ዘመድ ተሰበሰበ፣ ፀጉር አስተካካዩም ቶንዶሱን ሰክቶ ቆመ። ጋሼ አዩትና፣

«ይህን የበግ መሸለቻ ወዲያ በልልኝ» አሉ።

ሰውየው ቶንዶሱን አስቀምጦ ምላጭ አወጣ።

«እሱንም።»

እኔ ደግሞ ለክፉ ቀን ብዬ የያዝኩትን አዲስ የፕላስቲክ መላጫ ከኪሴ አወጣሁ። ያዩኝን አስተያየት አልጽፈውም፤ ወረቀቱ ይቃጠላል።

«ይህ ፊት» አሉ ጉንጫቸውን በጣታቸው እየነኩ፣ «ሠላሳ ዓመት በአንድ ብረት ብቻ ነው የተላጨው። ስላጭም የምላጨው በሱ ነው። አለዚያ ከነጢሜ ትቀብሩኛላችሁ።»

ከዚያ በኋላ ወራት ሄዱ። በስምንተኛው ወር ጢማቸው ሆዳቸው ላይ ደርሶ ነበር። እሺ፣ ደረታቸው ላይ። እውነቱን ለመናገር ከአገጫቸው አራት ጣት ቢወርድ ነው። ግን ሐረር፣ በጀጎል ግንብ ፈላና በር አጠገብ ካለው ቤታቸው ደጃፍ ላይ ሲቆሙ፣ ገዳሙ የጠፋበት መነኩሴ ነበር የሚመስሉት፤ መንገደኛ ቆሞ እስከ መሳለም ደርሷል።

ነገሩ በጢም ቢያበቃ ግድ አልነበረንም። ጋሼ አንድ ልጅ አለቻቸው፤ ሴት፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላት፣ ከግንቡ ውጭ ባለው ከተማ ሒሳብ የምታስተምር። እሷን የሚፈልግ ሰው ድሬዳዋ አለ። ሰውየው ሥራ አለው፣ ጨዋ ነው፣ ከሁሉ በላይ እሷ ትወደዋለች። ሽማግሌ ልኮ ሁለት ጊዜ ከበር ተመልሶበታል። ጋሼ የሚሉት አንድ ነው። «ቤቴ ሐዘን ላይ ነው። ጢሙን ያልተላጨ አባት ሽማግሌ አይቀበልም።» ይህን የሚያፈርስ ክርክር የለም፤ ወግ ነዋ። ስለዚህ የአንዲት ሴት ትዳር፣ የአክስቶች የሠርግ ቀሚስና የአንድ ድሬዳዋዊ ትዕግሥት በአንድ መላጫ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

መላጫውን በወጉ ያየሁት አንድ ቀን ጋሼ ከትራሳቸው ሥር በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ሲያቀብሉኝ ነው። እጀታው ከመሐል ጣቴ አይረዝምም። ራሱ ላይ እንደ አዞ አፍ የሚከፈት ክዳን አለ፤ ከክዳኑ ሥር እንደ ሕፃን ጥርስ ፈንጠር ፈንጠር ብለው የተሰለፉ ጥርሶች። ድሮ ኒኬል ተቀብቶ እንደነበር ያስታውቃል፤ አሁን ነሐሱ ወጥቶ ቢጫ ሆኗል። ከሥሩ «የተሠራው በ…» የሚል የፈረንጅ ጽሑፍ አለ፤ አገሩ ግን የለም። እትዬ ሠላሳ ዓመት አውራ ጣታቸውን ያሳረፉት እዚያ ላይ ስለሆነ አንድ አገር ሙሉ ፍቀው ጨርሰዋል።

ጋሼ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። መላጫውን ጅቡቲ ላይ ከአንድ መርከበኛ በእጅ ሰዓት ለውጠው አመጡት። ከመንገድ ደክመው ሲመለሱ እትዬ ወንበር ላይ አስቀምጠው ይላጯቸው ጀመር፤ ኋላ የጋሼ እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነገሩ ከፍቅር ወደ ግዴታ ተዛወረ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ። አሁን ብረቱ አለ፤ የጎደለው የሚገባበት ምላጭ ብቻ ነበር።

«ጋሼ፣ እትዬ ምላጩን ከየት ነበር የሚያመጡት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ታመጣለች።»

«ሠላሳ ዓመት አልጠየቋቸውም?»

«አንተ በርበሬው ከየት ይመጣል ብለህ ሚስትህን ጠይቀህ ታውቃለህ?»

«ቅርጹንስ አላዩትም?»

«ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምላጨው። አረፋ ይገባል።»

መላጫውን ቤቴ ወስጄ በሎሚና በአመድ ፈተግሁት። ክዳኑን ስከፍት ከውስጡ ዝገት የበላው የምላጭ ስባሪና እሱ ላይ የተጣበቀ እጥፍጥፍ ያለ የቆርቆሮ ቁራጭ ወደቀ። ሁለቱንም ከቆሻሻው ጋር ጣልኩ። ንጹሕ ሰው ነኝ። ከዚያ ከሱቅ ተራ ምላጭ ገዝቼ ሞከርኩ፤ ሰፋና ክዳኑ አልገጥም አለ። እንደ ማንኛውም የአገሬ ፀጉር አስተካካይ ከነወረቀቱ አጥፌ ለሁለት ሰበርኩትና ግማሹን አስገባሁ። ክዳኑ ገጠመ፤ ምላጩ ግን እንደ ሊወልቅ የደረሰ ጥርስ ይወዛወዛል። ጠረጴዛው ላይ ኳ ሳደርገው ሾልኮ እግሬ ሥር ወደቀ። በዚያ ብረት የሰው ጉሮሮ አጠገብ መድረስ በሕግ ያስጠይቃል።

እስከዚህ ድረስ ጥፋት የለብኝም። ጥፋቱ የመጣው ከበርጫ ነው። ከሥራ በኋላ ስድስት ሆነን የምንቅምበት ቤት አለ፤ እዚያ አንድን ነገር እንዳለ መናገር ነውር ነው። የጋሼን መላጫ ሳነሳ የአንድ መርከብ አዛዥ ነበር አልኩ። በማግስቱ ወርቅ ቅብ ነው አልኩ። በሦስተኛው ቀን፣ ጫቱም ጥሩ ስለነበር፣ ጋሼ ከወርቅ በቀር ፊታቸውን አያስነኩም አልኩ። ወሬ ደግሞ ከሐረር ድሬዳዋ ለመውረድ ሚኒባስ እስኪሞላ አይጠብቅም። እዚያ የደረሰው እንዲህ ሆኖ ነው፦ የልጅቱ አባት የወርቅ መላጫ ካልመጣላቸው ልጃቸውን አይድሩም።

ሽማግሌዎቹ ተቀየሙ። ሰኞ ጠዋት ስልክ ደወሉና ያሉት አጭር ነበር፤ እሑድ እንመጣለን፣ ያን ቀን በሩ ካልተከፈተ እንቢታ ነው ብለን ሌላ ቤት እንሄዳለን።

በአራት ሰዓት ልጅቱ ቢሮዬ ውስጥ ቆማ ነበር። ጠመኔው ከእጇ ላይ አልረገፈም።

«አንተ ነህ አይደል?»

«ምን አደረግሁ?»

«ወርቅ።»

«ወርቅ ቅብ ነው ያልኩት።»

«ስማኝ» አለች፣ ተማሪ እንደሚቀጣ ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ስድስት ቀን አለህ። ወይ ምላጩን ታገኛለህ፣ ወይ አንተ ራስህ ታገባኛለህ።»

«ዘመድ አይደለንም እንዴ? ሰባት ቤት ቢቆጠር…»

«ሳቅ አላልኩህም።»

አልሳቀችም። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ለኔ የበርጫ ማዳመቂያ የነበረው ለሷ የቀረው ዕድሜዋ ነበር።

ፎቶ አንስቼ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ለጠፍኩት። አንዱ የጀርመን ነው አለ። ሌላው በእናቱ ምሎ የጀርመን አይደለም አለ። አንድ ሦስተኛ፣ ፎቶውን አጉልቶ እንኳን ሳያይ፣ ጢም መላጨት ኃጢአት ስለመሆኑ የአርባ ደቂቃ ስብከት ላከልኝ። ረቡዕ ጀጎል ገብቼ መኪና ግርግር ወረድኩ፤ የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው፣ የስፌት መኪኖቹ ሲንጫጩ ሰው የገዛ ሐሳቡን አይሰማም። ብረት የሚያውቅ ሰው እዚያ አይታጣም ብዬ ነበር። አንድ ልብስ ሰፊ መላጫውን ገልበጥ አድርጎ አይቶ የቁልፍ ቀዳዳ መሥሪያ ነው ብሎ ፈረደ፤ ሱሪ ላይ ሊሞክረው ሲል ነጠቅሁት።

«መላጫ ነው እያልኩህ!»

«መላጫ ከሆነማ ለምን እኔ ጋ መጣህ? ሐጂን ጠይቃቸው እንጂ። አርባ ዓመት የሰው ጉንጭ ሲያርሱ የኖሩ ናቸው።»

ሐጂ ፀጉር ማስተካከል ትተው ልጃቸው ጨርቅ በሚሸጥበት ሱቅ ደጃፍ መቀመጥ ከጀመሩ ቆይተዋል። ሱቁ ያለበት መንገድ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ሲገናኝ አንዱ ትንፋሹን ካልዋጠ አይተላለፉም። ሐሙስ ከሰዓት ደረስኩ።

«አሰላሙ ዓለይኩም ሐጂ።»

«ወዓለይኩም ሰላም። ምን ይዘህ መጣህ?»

መነጽር ሳያደርጉ ተቀበሉኝ። ክዳኑን በአውራ ጣታቸው ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ከዚያ አሸተቱት።

«ሎሚ» አሉ። «በሎሚ ነው የፈተግከው? አላህ ይቅር ይበልህ። የተረፈችውን ኒኬል አስበላሃት።»

«ሐጂ፣ ምንድን ነው ግን?»

«ባለ አንድ ስለት ነው። የዛሬው ምላጭ በሁለት በኩል ይቆርጣል፣ ደግሞ ስስ ነው። የዚህኛው በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚቆርጠው፤ በሌላው በኩል ወፍራም ጀርባ አለው። እነዚህን ሁለት ጉጦች አየሃቸው? ጀርባውን ገፍተው የሚይዙት እነሱ ናቸው።»

«አገሩስ የት ነው?»

«አገሩን ምን ያደርግልሃል? ልታገባው ነው?»

ልጃቸው ከጨርቁ መሐል ሳቀ። እኔ ወደ ጉዳዬ ተመለስኩ።

«ምላጩ የት ይገኛል?»

«የትም። አንተ ሱሪ ሳትታጠቅ ነው ያለቀው። ከዚያ በኋላ ይህን የያዘ ሰው ሁሉ ተራ ምላጭ ይሰብርና ለግማሹ ከቆርቆሮ ጀርባ ያበጅለት ነበር። ጀርባው እያለ ምላጩን ብቻ መለወጥ ነው።» መላጫውን ወደ ብርሃኑ አዘነበሉ። «ይህ ደግሞ በቅርብ ሲሠራ የነበረ ነው፤ ማጠፊያው ልስልስ ነው። ውስጡ የታጠፈ ቆርቆሮ አልነበረም?»



«ምን ዓይነት ቆርቆሮ?»

«እንዲህ፣ የትንሽ ጣት ጥፍር ስፋት የማይሞላ።»

«…ጣልኩት።»

ሐጂ ክዳኑን ዘጉት።

«ማን ነበር የሠራው?»

«የአጎቴ ሚስት መሆን አለባቸው። ዐርፈዋል።»

«አላህ ይርሐማት» አሉ። «ሴትዮዋ ሠርታ የተወችላችሁን ጥለህ ነዋ ጀጎልን የምትዞረው።»

እትዬን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። አንድ ቀን እንኳን ስለ ምላጭ ሲያወሩ፣ ቆርቆሮ ሲቆርጡ፣ ጣታቸውን ሲያስሩ አላየሁም። ጋሼም አላዩም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ስለዚህ ነገር በርጫ ላይ ምንም አላወራሁም፤ የምጨምርበት አጣሁ።

ሐጂ ልጃቸውን ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ አስመጡት። በጨርቅ መቀስ ቀጭን ቁራጭ አወጡ፤ ልጅየው «መቀሴን!» ሲል አልሰሙትም። ቁራጩን በግማሹ ምላጭ ጀርባ ላይ አጥፈው በፒንሳ ጨመቁት። የመጀመሪያው ወፈረና ክዳኑ አልዘጋ አለ። ሁለተኛው ሳሳና ምላጩ እንደ ቀድሞው ተወዛወዘ። ሦስተኛውን ጫፉን በጥቂቱ ሞረድ ሞረድ አደረጉት። «ቢስሚላህ» ብለው አስገቡትና ክዳኑን ጫኑት። ቀጭ አለ። ቢያንቀሳቅሱት አይንቀሳቀስም።

ተነሥቼ ልቀበላቸው ስል እጃቸውን ወደ ኋላ ሳቡ።

«ተቀመጥ።»

«እኔ?»

«ሳትሞክረው የሽማግሌ ፊት ላይ ልታሳርፈው ነው?»

ውኃ መጣ፣ የልብስ ሳሙና መጣ፣ መንገደኛ ቆመ። ከሳሙናው የወጣው አረፋ በሬ ያስነጥሳል። ሐጂ በርጩማቸው ላይ ሆነው በቃል ይመሩኛል። «መጀመሪያ ክዳኑ ጉንጭህ ላይ ይተኛ። አሁን እጀታውን ቀስ ብለህ አውርድ፣ ምላጩ ፀጉሩን እስኪያገኘው። አትጫን! ብረቱ የራሱ ክብደት አለው። ቆዳህን ወጥር። አጭር አጭር አድርገህ ሂድ።» ሲሄድ ድምፅ አለው፤ ደረቅ ቅጠል እንደሚረገጥ ይንኮሻኮሻል። ሲያልፍ ደግሞ እንደ ሕፃን ጉንጭ አድርጎ ይተዋል። ሦስት ቦታ ቆረጥኩ። የፈሰሰው ደሜ ጀጎልን ዞሮ በአምስቱም በር ይወጣ ነበር።

«ጠብታ ናት፤ አትጩህ» አሉ ሐጂ። «ሳትጫን ብትሄድ ኖሮ ይቺም አትወጣም ነበር። ነገ እዚሁ ና፣ ያንኛውን ጉንጭ ደግሞ።»

ዓርብ ከጸሎት በኋላ ሄድኩ። አንድ ቦታ ብቻ ቆረጥኩ። ሐጂ ሁለት ትርፍ ጀርባ ሠርተው በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝና፣ «እነዚህን ብትጥል ወላሂ በሬን አትርገጥ» አሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼን ግቢያቸው ውስጥ ፀሐይ ላይ አስቀመጥናቸው። ልጅቱ ሳፋውንና ፎጣውን ይዛለች። መላጫውን ሲያዩ ከፍተው ምላጩን በጣታቸው ዳሰሱና መለሱልኝ። ስምንት ወር የበቀለ ጢም በመላጫ አይጀመርም፤ መጀመሪያ በመቀስ አሳጠርኩት። መሬት ላይ የወደቀው ለአንድ ትራስ ይበቃል። ከዚያ አረፋ ቀብቼ በቀኝ ጉንጫቸው ጀመርኩ። ሁለት ቦታ ቆረጥኳቸው። ጉንጩ ብቅ ሲል ከምናውቃቸው ጋሼ ግማሹ ተመለሰ። ቀኙን ጨርሼ ወደ ግራ ልዞር ስል ዓይናቸውን ገለጡ።

«ቁም።»

«ቆረጥኩዎት?»

«ቁም አልኩህ።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ቤቱ ድሬዳዋ ነው አይደል?»

«አዎ አባዬ።»

«እዚያው ልትኖሪ ነው?»

«ሥራው እዚያ ነው። እኔም ዝውውር ጠይቄያለሁ።»

ጋሼ ወደ በሩ አዩ። ግራ ጉንጫቸው ላይ አረፋው መድረቅ ጀመረ። ስምንት ወር ሙሉ ሁላችንም ምላጭ ነው የጠፋው ብለን ነበር። ጢሙ ሲወርድ ሽማግሌ ይገባል፤ ሽማግሌ ሲገባ እሷ ትወጣለች፤ እሳቸው እዚያ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይቀራሉ። ይህን አንዳችንም አላሰብነውም። እኔ ደግሞ መላጫ ይዤ መሐላቸው ቆሜያለሁ፤ አንድ ነገር ካልተናገርኩ የምሞት መሰለኝ።

«ጋሼ፣ ድሬዳዋ እኮ ቅርብ ነው። እዚህ ቢያስነጥሱ እዚያ ይማርዎት ይላሉ።»

«አንተ ዝም በል!» አሉኝ ሁለቱም።

ልጅቱ ሳፋውን መሬት አስቀመጠች።

«አባዬ፣ እንቢ ማለት ከፈለግህ እንቢ በለኝ። ግን በጢምህ አትበለኝ። በአፍህ በለኝ።»

 ጋሼ እጃቸውን አንሥተው የተላጨውን ጉንጫቸውን ዳሰሱ፣ ከዚያ ያልተላጨውን። በግማሽ ፊት እንቢ ማለት ለማንም ቀላል አይደለም፤ ግን ለዚያ ብለው ያመነቱ አይመስለኝም።

«ቅዳሜ ማን ይላጨኛል?» አሉ በመጨረሻ።

«እኔ።»

«ከድሬዳዋ?»

«ከድሬዳዋ።»

«እንዳትዋሺኝ። ለዚህ ዘመድ አንድ ዋሾ ይበቃዋል።» የተመለከቱት እኔን ነበር።

ልጅቱ አሰበች፤ ስታስብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ የሒሳብ አስተማሪ ናት።

«ሁሌ ቅዳሜ አልልህም። እማዬ እንዳደረገችው አልችልም። በአሥራ አምስት ቀን አንዴ እመጣለሁ። በመሐሉ ያለውን ቅዳሜ ይኼ ይላጭሃል።»

«ይኼ?»

«ይኼ።»

ጋሼ የቀኝ ጉንጫቸውን ሁለት ቁርጥ በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ። ደሙን አዩት።

«እንግዲያውስ ግራውን አንቺ ጨርሺው» አሉ። «ስትለማመጂ ልይሽ።»

መላጫውን ሰጠኋት። ሐጂ ያስተማሩኝን ሁሉ ነገርኳት፤ የኔን ስሕተት የሐጂ ምክር አስመስዬ ጭምር። አልሰማችኝም። አረፋውን አድሳ ክዳኑን አስተኛች፣ እጀታውን አወረደች፣ ያ ደረቅ ቅጠል መርገጥ የመሰለው ድምፅ መጣ። ረጅም ጊዜ ወሰደባት። አንድ ቦታ እንኳን አልቆረጠችም። አልተናደድኩም ብል ማንም አያምነኝም።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆነው መጡ። በሩ ከመድረሳቸው በፊት ተከፍቶ ነበር። ጋሼ በቀኝ ጉንጫቸው ሁለት ብጣሽ ወረቀት ለጥፈው፣ ነጭ ለብሰው ተቀበሏቸው። ትልቁ ሽማግሌ ገና ሳይቀመጡ ዓይናቸው የሚፈልገውን ነገር ዐውቄ ነበርና መላጫውን አምጥቼ ሰጠኋቸው። አገላበጡት።

«ወርቁ የታለ?»

ጋሼ በአገጫቸው እኔን አሳዩአቸው። ሽማግሌው እኔንም አገላብጠው አዩኝና መላጫውን መለሱ።

ከዚያ ተነሥተው ወጉን አደረሱ፤ ልጅዎን ለልጃችን አሉ። በአገራችን አባት ወዲያው እሺ አይልም። ከዘመድ ልማከር ይላል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ሽማግሌም ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለሳል። ሦስቱም የቀጠሮውን ቀን ሊሰሙ ጆሯቸውን አቀኑ።

«ቀጠሮ የለም» አሉ ጋሼ። «ሁለት ጊዜ ከበሬ መልሻችኋለሁ፤ ይበቃል። ሰጥቻለሁ። ግን ቅዳሜ ትመልሱልኛላችሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሙሽራ ተሰጥታ ቅዳሜ የምትመለስበትን ወግ አንዳቸውም አያውቁትም። ትልቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የትኛውን ቅዳሜ?»

በወጉ ያን ቀን የልጅቱ ድምፅ መሰማት አልነበረበትም። ከጓዳ ግን ጥርት ብሎ መጣ፤ ተማሪ ያልገባውን ጥያቄ እንደምትመልስ አድርጋ፦

«በአሥራ አምስት ቀን አንዴ!»